አቃቂን በአቡጀዲ ላይ፦ የሰፈራችን የታሪክ ወግ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 12፣ እሑድ

የዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ሊበተን ሲል እጄን አወጣሁ። የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው፤ በወር አንድ እሑድ፣ የዕድሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ አዳራሹ ሳይዘጋ ይቆይልን፤ አንድ የሰፈራችን ሰው ስለ አቃቂ የሚያውቀውን ያውጋን፤ ልጆችም ይስሙ። ዳኛው አልተቃወሙም። «አዳራሹም ወንበሩም የእናንተው ነው፤ ግን ማን ነው የሚያወጋው?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ሰዎችን ጠራሁ፦ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉትን አባባን፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከሃያ ዓመት በላይ ክር ሲፈትሉ የኖሩትን እማማን፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ያርሱ የነበሩትን ሽማግሌ ገበሬ። ሦስቱም የተመካከሩ ይመስል እምቢ አሉ። አባባ «ታሪክ እንጦጦ ነው ያለው፣ ልጄ» አሉኝ። እማማ ደግሞ «እኔ ምን ታሪክ አለኝ? ሠርቼ ገባሁ፣ ሠርቼ ገባሁ፤ በቃ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ።

ቤቴ እስክደርስ ያ «በቃ» ከጆሮዬ አልወጣም። ይህን ሥራ እንዳስብ ያደረጉኝ ተማሪዎቼ ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ስለሚኖሩበት አካባቢ ታሪክ አንድ ገጽ ጻፉ ብላቸው አብዛኞቹ ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ጽፈው መጡ። አንዷ ልጅ ከወረቀቷ ግርጌ «ሰፈራችን ታሪክ ስለሌለው ስለ ጎንደር ጽፌአለሁ» የሚል አስፍራለች። ይህች ልጅ የምትኖረው ባቡሩ ዋና ከተማዋን ከማየቱ በፊት በደረሰበት፣ የአገሪቱ ራዲዮ ድምፁን መጀመሪያ ባሰማበት ሰፈር ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የነገራት ሰው የለም።

መስከረም 19

የወጉ መሰብሰቢያ የሚሆን ካርታ ያስፈልገናል ብዬ ወሰንኩ። ሰው ባዶ ግድግዳ እያየ ሲናገር ነገሩ ይበተናል፤ የሚያመለክተው ነገር ሲኖረው ግን ይሰበሰባል። ወረቀት ይቀደዳል፣ ፕሮጀክተር መብራት ሲጠፋ ዋጋ የለውም። አቡጀዲ ይሁን አልኩ። አቃቂ የጥጥ ከተማ ናት፤ ከዚህ የተሻለ ገበታ ከየት ይመጣል? ስድስት ሜትር ገዝቼ ለሁለት ቆረጥኩት፤ ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ገጠመልኝ። ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ማታውኑ በሙቅ ውኃ አጥቤ አሰጣሁት።

መስከረም 26

ከሦስት ተማሪዎች ጋር ካርታውን መሳል ጀመርን። ከሰሜን ወደ ደቡብ ትልቁን አቃቂ፣ በምዕራብ በኩል ትንሹን አቃቂ፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን የአባ ሳሙኤልን ሐይቅ አስቀመጥን። በማርከር ያሰመርነው ወንዝ ግን ጨርቁ ላይ እየተስፋፋ ሄዶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣት የማይሞላው መስመር መዳፍ አከለ። ልብስ ሰፊው አይቶ ምክንያቱን ነገረን። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች አለበት፤ ድሩ መሸመኛው ላይ እንዳይበጠስ ይነከርበታል። እኔ አጥቤ አስለቀቅሁት፤ ጨርቁም እንደ መወልወያ ቀለም መምጠጥ ጀመረ።

አንዷ ተማሪ «ለምን አንሰፋውም?» አለች። ወንዙን በሰማያዊ ክር፣ ሐዲዱን በጥቁር፣ መንገዱን በቡኒ፣ ሰው የሚነግረንን ቦታ በቀይ። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ክር ይፈታል፣ ይታረማል። ቀለም አይታረምም። በጨርቁ ጀርባ እንደገና ጀመርን።

ጥቅምት 4

ማስታወቂያ። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ሰፈሩን እየዞሩ ቢናገሩልን ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ተቆጡኝ። ጥሩንባ ሲነፋ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ከቤቱ ይወጣል፤ ለወግ ብሎ ሰውን ማስደንገጥ ነውር ነው። ልክ ናቸው። በእጅ የጻፍናቸውን ወረቀቶች ዳቦ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱና የታክሲ ተራው ላይ ለጠፍን።

ጥቅምት 9

አባባን ቤታቸው ሄጄ አየኋቸው። «ታሪክ» የሚለውን ቃል ከአፌ ላላወጣ ወስኜ ነው የገባሁት። ቡና እስኪፈላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ «የሊትሪናውና የጭነት ባቡሩ ፊሽካ ይለያይ ነበር?» (ሊትሪና በሞተር የሚሄደው የመንገደኞች ባቡር ነው።) አዎንታም አሉታም አልሰጡኝም። ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው የመጀመሪያውን አሰሙኝ፤ ቀጭንና አጭር። ከዚያ የሁለተኛውን፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚወርድ። የልጅ ልጃቸው ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ከዚያ በኋላ ያቆማቸው አልነበረም፤ ፉርጎ ላይ ስለሚጫነው ከብት፣ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ጭሱ ሲታይ እናቶች ልጆቻቸውን ከሐዲዱ ላይ እንዴት እንደሚሰበስቡ፣ ሌሊት በፋኖስ ስለሚሰጥ ምልክት። ስልኬ ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቀዳሁ። ሲመሽ «ይኼንን ነው እንዴ የምትፈልጉት? ይኼማ ሞልቶ!» አሉኝ።

የተማርኩትን ለራሴ ጻፍኩ፦ ስለ ድምፅ፣ ስለ ሽታ፣ ስለ እጅ ሥራ ጠይቅ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ፤ የመጀመሪያው ወግ

አርባ ወንበር ደርድረን ነበር፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመም ነበር። እኔ በመግቢያው ላይ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ወሰድኩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው፤ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902። ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ባቡሩ አልወጣላትም፤ ከተራራው ግርጌ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች። ከዚያ ሥራው በገንዘብ እጦትና በፖለቲካ ጭቅጭቅ ለዓመታት ቆመ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተካ። አቃቂ የደረሰው በ1915 ነው። አዲስ አበባ ግን የገባው በ1917 ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ባቡሩ አቃቂን ያውቅ ነበር፤ አዲስ አበባን ግን አያውቃትም ነበር። ከባሕር የመጣ ጨው፣ ቆርቆሮና ጨርቅ ከአቃቂ ወዲያ ጉዞውን የሚጨርሰው በእንስሳ ጀርባ ነው። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። «ሰፈራችን ታሪክ የለውም» ያለችው ልጅ ከፊት ተቀምጣለች፤ ስትጽፍ አየኋት።

ከዚያ አባባ ተነሡ። ንግግር ማድረግ አልቻሉም፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ጥቁሩን ክር አንሥቼ ሐዲዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አሳዩን ብላቸው ግን ካርታው ላይ አጎነበሱና ሌላ ሰው ሆኑ። እኛ የሰፋነው ኩርባ ልክ እንዳልነበር ነገሩን። ሁለት ስንዝር ያህል ፈትተን እሳቸው እያሳዩ እንደገና ሰፋነው። አንድ ሌላ ሽማግሌ በድሮው ገበያ ቦታ ላይ ተከራከሯቸው፤ አንዱ ከወንዙ ወዲህ ነው ይላሉ፣ ሌላው ከወንዙ ወዲያ። ሁለቱም ቦታ ላይ ቀይ ክር አስቀመጥን። ዳኝነት መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ምናልባትም ገበያው ተዛውሮ ሁለቱም ትክክል ይሆናሉ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ከልጆቹ ጋር ሣር የዋጠው የድሮ ሐዲድ ቁራጭ ላይ ሄድን። የአናጢ ሜትር ይዘን ነበር። ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ለካን፤ አንድ ሜትር፣ ከጸጉር የማያልፍ ልዩነት። የድሮው መስመር ስፋት በመላው ርዝመቱ ይኸው አንድ ሜትር ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬው ባቡር በአባባ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም ማለት ነው። አንዱ ልጅ ሁለቱን ስፋት በኖራ መሬት ላይ አስምሮ መካከላቸው ተኛ። ፎቶ አነሣነው።

ሐዲዱ በየቦታው ተነቅሏል፤ የቀረውንም ቆሻሻ እየሸፈነው ነው። ይህን ሳይ የሚሰማኝን ቁጭት መደበቅ አልፈልግም። አንድ መቶ ሜትር እንኳ አጥሮ ማቆየት ምን ያህል ከባድ ነው?

ኅዳር 2

የራዲዮ ጣቢያው። ከልጆቹ ጋር አጭር ጽሑፍ አዘጋጀን። በጥር 1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ የተመረቀው ጣቢያ የኢትዮጵያ ራዲዮ መነሻ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት ጣቢያ ነው፤ ጣሊያን ወረራውን ሊጀምር ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም የተናገሩት በዚሁ በጣሊያን እጅ በተሠራ መሣሪያ ነው። ቦታው ካርታው ላይ በቀይ ተሰፋ።

ኅዳር 15፣ እሑድ፤ ሁለተኛው ወግ

ይህ ወግ ስለ ቦታ ስሞች ነው። ሽማግሌው ገበሬ እሺ ያሉት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ነው የምናገረው አሉ። እንዲያውም ሌላ መንገድ ሊኖር አይገባም። የቦታው ስም በራሱ ቋንቋ ሲተረክ ነው የሚፈታው። አንድ ተማሪ በአማርኛ ተረጎመ፤ አልፎ አልፎ ሲሳሳት እናቱ ከኋላ ወንበር ታርመዋለች።

ቱሉ ኮረብታ ነው፤ ዲምቱ ቀይ። ቀዩ ኮረብታ። በፍጥነት መንገዱ አፍ ላይ ከታክሲ የሚወርደው ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚጠራው ስም ነው፤ ስንቱ ኮረብታውን ቀና ብሎ አይቷል? ገላን የቦታ ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነው፤ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ከተማዋ የምትጠራው በባለ መሬቶቿ ነው። እንዶዴ ደግሞ እንዶድ ነው። እዚህ ላይ ሴቶቹ በአንድነት «እ!» አሉ። ነጠላ የሚያነጻውን እንዶድ የማያውቅ እናት የለማ። ዛሬ በዚያ ስም የባቡር ጣቢያ አለ፤ በልብስ ማጠቢያ ተክል የተሰየመ የኮንቴይነር ማራገፊያ።

እኔም ጣልቃ ገብቼ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ተናገርኩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ከዚያ በመነሣት እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። እናቶቹ የሚያውቁት ነገር ሳይንስ ሆነ። ሽማግሌው ይህ ሲተረጎምላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ጸጥ አሉ።

ጸጥታው ረዘመ። ካርታው ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ። እዚህ ጤፍ፣ እዚህ ሽንብራ፣ እዚህ የክረምት ውኃ የሚያቁር ጥቁር መረሬ፤ ከብት የሚሰማራው ከዚያ ማዶ። ዛሬ ሁሉም ኮንዶሚኒየም ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ከእነዚያው ሕንጻዎች የመጡ፣ በዕጣ የደረሳቸው፣ ለዓመታት ቆጥበው የገቡ ናቸው። ማንም ምንም አላለም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሴት ተነሥታ «አባቴ፣ የእኛ ብሎክ የቆመበት ማሳ ምን ይባል ነበር?» ብላ ጠየቀች። ነገሯት። ስሙን ሁለት ጊዜ ደግማ አለችው። ሲወጡ ደጁ ድረስ ደግፋ ሸኘቻቸው። ስሙ አሁን በቢጫ ክር ተሰፍቷል፤ የሌለ ማሳ ሁሉ በቢጫ እንዲሆን ተስማማን።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ያንን ጥያቄ የሚያህል ነገር አላገኘሁም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

አባ ሳሙኤል። በሚኒባስ ሄደን የቀረውን በእግር። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ እዚህ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። ለአስርት ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በቻይናውያን ታድሶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ተመለሰ። ሐይቁን እንቦጭ ሸፍኖታል፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። የከተማው ፍሳሽ ሁሉ በሁለቱ አቃቂዎች ወርዶ እዚህ ይጠራቀማል፤ ከዚህ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ልጆቹ ብዙም አላወሩም። ወንዙን የሰፋንበትን ሰማያዊ ክር እንቀይረው የሚል ሐሳብ አመጡ። አልተስማማሁም። ሽማግሌዎቹ የዋኙበት ወንዝ ሰማያዊ ነበር፤ ካርታው የእነሱ ነው።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ፤ ሦስተኛው ወግ

ስለ ፋብሪካው። አልተሳካም፤ ጥፋቱም የእኔ አዘገጃጀት ነው። ማይክሮፎን ተከራየሁ፣ ጠረጴዛ ከፊት አስቀመጥኩ። በፋብሪካው ቢሮ ይሠሩ የነበሩ አንድ አባት ስለ ማሽኖች ብዛት፣ ስለ 1967 ዓ.ም. ውርስ፣ ስለ ሥራ አስኪያጆች መፈራረቅ አንድ ሰዓት ተናገሩ። የሚሉት ዋጋ ያለው ነው፤ ቀድቼዋለሁ። ነገር ግን ከኋላ ከተደረደሩት ፈታዮችና ሸማኔዎች አንድም ቃል አልወጣም። እማማም መጥተው ነበር፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ማይክሮፎኑን ወደ ሴቶቹ ሳዞር እጃቸውን አወዛወዙ። ማሽኑን ያንቀሳቀሱት እጆች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ጠረጴዛ አቁሜ ጋረድኋቸው።

ጥር 4

እማማ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ምን አድርገህ?» አላሉኝም፤ ገብቷቸዋል። የአባባን ትምህርት አስታውሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ያ ሁሉ ማሽን ሲጮኽ እርስ በርስ እንዴት ትነጋገሩ ነበር?

በእጃቸው መለሱልኝ። ጆሮን መንካት ተቆጣጣሪው መጣ ማለት ነው። ሁለት ጣት ማሻሸት ክር ተበጠሰ። ሆድን መንካት እርጉዝ ናት፣ ከባዱን አታሸክሟት። ፈረቃ ከመለወጡ በፊት ግንባርን መጥረግ። ድምፅ የሌለው ሙሉ ቋንቋ ነው! ቤታቸው ከገቡ በኋላም ልጆቻቸውን በዚሁ ምልክት ይጠሩ እንደነበር ነገሩኝ፤ ጸጉራቸው ላይ የተቀመጠው የጥጥ ብናኝ ግን ሦስት ጊዜ ካልታጠበ አይለቅም።

ለጥር 18 ማይክሮፎን የለም፣ ጠረጴዛ የለም። ወንበሮቹ በካርታው ዙሪያ ክብ ይሆናሉ። ቡና ይፈላል።

ጥር 18፣ እሑድ

ዐሥራ አንድ የፋብሪካ ሴቶች መጡ፤ ቀጥሎ ልጆች፤ ወንዶቹ ከውጭ ክብ። እማማ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳዩ፤ ሌሎቹ ሴቶች ያልተስማሙባቸውን አረሙ፤ ሸማኔ ክፍልና ፈታይ ክፍል ለካ የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። አዳራሹ ሁሉ በእጅ ማውራት ጀመረ። ስልኬን አንድ ተማሪ ይዞ እጃቸውን ብቻ እንዲቀርጽ አደረግሁ።

የፋብሪካውን አጥር እየሰፋን ሳለ ክሩ ተበጠሰ። እንደገና መርፌ ላይ ልናስገባ ስንል እማማ ሁለቱን ጫፍ ከእጃችን ወሰዱና ጣቶቻቸው አንዴ ተላለፉ፤ ክሩ ተቋጥሯል። ማንም አላየም። ልጆቹ «ይድገሙልን» አሉ። ቆረጡት፣ እንደገና ቋጠሩት፤ እንደገና ማንም አላየም። «ቀስ ብለው፣ እማማ!» ሞከሩ። በቀስታ ሲሞክሩት ጣታቸው ጠፋበት፤ ጀመሩ፣ ተሳሳቱ፣ ፈቱት። «ቀስ ብዬ አላውቅበትም» አሉ ተገርመው። «ማሽኑ አይጠብቅማ፤ በቀስታ ሠርቼው አላውቅም።»

ተማሪው የቀረጸውን በዝግታ አሳየን። ሁላችንም በስልኩ ላይ አጎነበስን፤ እማማም ጭምር። የገዛ ጣቶቻቸውን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። አውራ ጣት ከሥር፣ ሌባ ጣት በላይ፣ ጫፉ በቀለበቱ ውስጥ። ሦስት ጊዜ ካየነው በኋላ ሰፈራችን ታሪክ የለውም ያለችው ልጅ ቋጠረች። እማማ ክሩን ተቀብለው ግራና ቀኝ ሳቡት፤ አልተፈታም።

ሲወጡ ክሩን ነቀፉ። ለስፌት የገዛነው በጣም ለስላሳ ነው፣ ቋጠሮ አይዝም። ለየካቲት ሃያ ቁጥር ጥጥ ክር እንድናመጣ አዘዙን፤ ካጣን ራሳቸው መርጠው ይገዛሉ። የፈታይ ክፍሉን የውስጥ አቀማመጥ፣ ማሽን በማሽን፣ እሳቸው ናቸው የሚያሰፉን።